ኩበትና ጋዝ፤ የአገራችን የኀይል ፖሊሲ ከደጎሎ ምድጃ ሲመረመር

በመስከረም ወር 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ መመረቁ በራዲዮ ሲነገር፣ ከእኛ መካከል አንዱ ደጎሎ፣ በዘመድ ቤት ተቀምጦ ይሰማ ነበር። የቤቱ እመቤት እንጀራ እየጋገሩ ኖሮ ወሬውን አዳምጠው፣ «ልጄ፣ እንግዲህ የጋዝ ዋጋ ሊቀንስ ነዋ?» ብለው ጠየቁት። እርሳቸው ጋዝ የሚሉት በኩራዝ የሚነደውን ነጭ ጋዝ ነው። ተማሪውም «የለም እማማ፣ ይህ ሌላ ጋዝ ነው፤ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ነው» ብሎ ማስረዳት ቢጀምር፣ «ታዲያ ይኸኛው ምጣድ ያግላል?» አሉት። ተማሪው መልስ አጥቶ ዝም አለ።

ይህ ጽሑፍ ያንን መልስ ለመፈለግ የተደረገ ሙከራ ነው። ስለ ኀይል ምንጭ የወጡትን ዋና ዋና የመንግሥት ጽሑፎችና ሕጎች አንብበን፣ የሚሉትን ከደጎሎና ከአካባቢዋ ኑሮ ጋር ለማስተያየት ሞክረናል። ሐሳባችንን አስቀድመን ለመግለጽ ያህል፣ ፖሊሲያችን ኀይልን የሚቈጥረው በግድብ፣ በጉድጓድና በምሰሶ ነው፤ ሕዝቡ ግን ኀይልን በብዛት የሚፈጀው በምጣድ ሥር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የሴቶችን ድካም ብቻ ሳይሆን የመሬቱንም ለምነት እየበላ መሆኑን ለማሳየት እንወዳለን።

፩. የምንመረምራቸው ጽሑፎች

በቅድሚያ የሚጠቀሰው በ1986 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኢነርጂ ፖሊሲ ነው። ይህ ጽሑፍ የአገሪቱ ዋና የኀይል ምንጭ የውሃ ኀይል እንዲሆን ይወስናል፤ ሕዝቡም ከማገዶ ወደ ዘመናዊ ኀይል ቀስ በቀስ እንዲሸጋገር ይመኛል። ዛፍ ስለ መትከልና ማገዶ ስለሚቈጥቡ ምድጃዎችም ያነሣል። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ ምድጃውን ጨርሰው ረሱት ብንል ሐሰት ይሆንብናል።

ሁለተኛው የነዳጅ ሥራዎች ዐዋጅ ቁጥር 295/1978 ነው። ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ እንዴት እንደሚፈለግና እንደሚመረት፣ መንግሥትና ኩባንያ በምን ዐይነት ውል እንደሚተሳሰሩ የሚደነግግ ነው። ሦስተኛው የኢነርጂ ዐዋጅ ቁጥር 810/2006 ሲሆን፣ ስሙ ሰፊ ይሁን እንጂ በዋናነት የሚቈጣጠረው የኤሌክትሪክን ማመንጨት፣ ማስተላለፍና መሸጥ፣ እንዲሁም የኀይል ቁጠባን ነው። አራተኛው በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና በ2011 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ለሕዝቡ ሁሉ መብራት ለማዳረስ፣ ከዚህም 65 ከመቶውን በዋናው መሥመር፣ 35 ከመቶውን ከዋናው መሥመር ውጭ በፀሐይና በመሳሰሉት ለመስጠት ግብ አድርጎ ነበር። ዓመቱ አለፈ፤ ግቡ ግን አልተደረሰም።

በእነዚህ ዓመታት የተሠራው ሥራ ትንሽ አለመሆኑን እንመሰክራለን። በ1952 ዓ.ም. ቆቃ በ43 ሜጋ ዋት ሲከፈት እንደ ትልቅ ነገር ይታይ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ነቀፌታችን በሥራው ላይ አይደለም። ነቀፌታችን በመለኪያው ላይ ነው።

፪. የደጎሎ ምድጃ

ደጎሎ በደቡብ ወሎ የጃማ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ደጋና ሜዳ፣ መሬቱም በብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ባቄላና ምስር ያበቅላል። ወደ ምዕራብ፣ በቦረናና በመካነ ሰላም በኩል ሲታለፍ ደጋው እየተቈራረጠ ወደ ዐባይ ሸለቆ ይወርዳል። በዚህ ሰፊ ደጋ ላይ የቀረው ዋና የተፈጥሮ ደን በቦረና የሚገኘው የደንቆሮ ጫካ ነው፤ እርሱም ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከልሏል። ከዚያ በቀር በየመንደሩ የሚታየው ዛፍ ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ ግንዱ ለቤት መሥሪያና ለገበያ፣ ቅጠሉና ጭራሮው ለምጣድ ይውላል።

እንግዲህ ዕንጨት በሌለበት አገር የሚነደው ኩበት ነው። ዝናም ካባራ በኋላ ሴቶችና ልጃገረዶች እበቱን ከበረትና ከግጦሽ እየለቀሙ ከጭድ ጋር አሽተው ይጠፈጥፉታል። ሲደርቅ ይከመራል፤ ክረምቱን እንዲችል ክምሩ በላዩ በእበት ይለቀለቃል። በእኛ አስተያየት የዚህ ክምር መጠን የአንድን ቤት ኑሮ ከጎተራው ባላነሰ ይገልጻል። ከብት የሌለው ሰው ኩበት ከገበያ ይገዛል፤ ለመግዛት ዐቅም ያነሰው ደግሞ ቅጠልና የማሽላ አገዳ እያነደደ በጢስ ይታፈናል።

ይህ የደጎሎ ብቻ ጠባይ አይደለም። በኢትዮጵያ በጠቅላላው ከሚፈጀው ኀይል ወደ 90 ከመቶ የሚጠጋው ዕንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና የእህል ተረፈ ምርት መሆኑን የመንግሥት ጽሑፎች ራሳቸው ይናገራሉ። በቤት ውስጥ ከሚነደውም ማገዶ ብዙውን የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። ስለዚህ የአገሪቱ ትልቁ የኀይል ማመንጫ ግድብ ሳይሆን ሦስት ጉልቻ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

፫. እሳቱ ከመሬት የሚወስደው

ነገሩ ጢስና ድካም ብቻ ቢሆን ኖሮ ጽሑፋችን ስለ ጤና ይሆን ነበር። ነገር ግን ኩበት ማገዶ ከመሆኑ በፊት ፍግ ነው። በውስጡ ናይትሮጂን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም፣ ከእነዚህም ሁሉ በላይ መሬቱን ልል የሚያደርግና እርጥበት የሚያስይዝ ብስባሽ አለ። ሲነድ ግን ናይትሮጂኑ ከጢሱ ጋር ይበናል፤ ብስባሹም ይጠፋል። በዐመዱ ውስጥ የሚቀሩት ፎስፎረስና ፖታሲየም ናቸው፤ እነርሱም ቢበዛ ጓሮ ይደፋሉ እንጂ ከእርሻው አይደርሱም።

ጥቁር ዋልካ በመልኩ የሰባ ይመስላል። ይሁን እንጂ የአፈር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት እንዲህ ያለው መሬት ብዙ ጊዜ ናይትሮጂንና ብስባሽ ያንሰዋል። በክረምት ውሃ ሲተኛበት ደግሞ ያለው ናይትሮጂን ወደ አየር ይሸሻል። ስለዚህ ፍጉን አጥብቆ የሚፈልገው መሬት ፍጉን የሚያቃጥል ሕዝብ አለበት። ገበሬው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ከጓሮው ፍግ የጣለበትን ጐመንና በቈሎ ሲያይ ያውቀዋል። ግን ማሳውን ቢመግብ ቤተሰቡ ጥሬ ሊበላ ነው።

የጎደለውን ለመሙላት ገበሬው በከረጢት ማዳበሪያ ይገዛል። አገሪቱም ማዳበሪያውን ከውጭ አገር፣ በውጭ ምንዛሪ፣ በጂቡቲ በኩል ታስመጣለች። በጢስ የሄደው ናይትሮጂን በመርከብና በከባድ መኪና ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው። የኀይል ፖሊሲና የእርሻ ፖሊሲ አንድ ጉዳይ የሚሆኑት እዚህ ላይ ነው፤ ባነበብናቸው ጽሑፎች ውስጥ ግን ይህ ትስስር የሚገባውን ቦታ አላገኘም።

፬. ጋዙ በየት በኩል ይመጣል?

አሁን ወደ እመቤቲቱ ጥያቄ እንመለስ። የካሉብ ጋዝ የተገኘው ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኦጋዴን ሲቈፍር፣ በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ነው። ከዚያ በኋላ አብዮት፣ ከዚያም የሶማሊያ ጦርነት መጣ። በደርግ ዘመን ሶቪየቶች ቈፈሩ፤ ቀጥሎም የማሌዥያው ፔትሮናስ ገብቶ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የቻይና ኩባንያ ውል ተዋዋለ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የማዕድን ሚኒስቴር ውሉን አቋረጠ፤ በመጨረሻም በ2018 ዓ.ም. መስከረም የቻይናው ጂሲኤል የሠራው የመጀመሪያው ማምረቻ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ሊያወጣ ተመረቀ። ጋዝ ከተገኘበት ቀን እስከ ተመረተበት ቀን ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፏል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሕጉ የጎደለው የት ላይ እንደሆነ ነው። ዐዋጅ ቁጥር 295/1978 በዋናነት የፍለጋና የምርት ሕግ ነው። በጻፉት ሰዎች አንጻር ይህ ተገቢ ነበር፤ ያልወጣ ጋዝ አይከፋፈልምና። ዛሬ ግን ጋዙ ወጥቷል። ለማን ይድረስ፣ በምን ዋጋ ይሸጥ፣ ከውጭ ሽያጭና ከአገር ውስጥ ፍላጎት የትኛው ይቅደም የሚሉት ጥያቄዎች ከጉድጓዱ ሕግ የተለየ የገበያና የሥርጭት ሕግ ይጠይቃሉ። በ2014 ዓ.ም. የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን በአንድነት መቋቋሙ ለዚህ በር የከፈተ በመሆኑ እናመሰግናለን።

ሆኖም ጋዙ ወደ ደጎሎ ምድጃ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ስሕተት ነው። በከተማ በሲሊንደር የሚሸጠው ቡታ ጋዝ በቀላል ግፊት ፈሳሽ ስለሚሆን በቤት ሊቀመጥ ይችላል። ከካሉብ የሚወጣው ጋዝ ግን ዋና ክፍሉ ሜቴን ነው። እርሱ ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች እስከ 162 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ይህንንም የሚችል ልዩ ታንከር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለፋብሪካ፣ ለከባድ መኪናና ለኤሌክትሪክ ማመንጫ እንጂ በተራራ ላይ ላለ ጎጆ የሚስማማ አይደለም። በቧንቧ ይምጣ ቢባልም ተራርቆ ለሰፈረ የደጋ መንደር ወጪው የማይታሰብ ነው።

ነገር ግን ሜቴን ሌላ መንገድ አለው። ከሜቴን የሚወጣው ሃይድሮጂን ከአየር ናይትሮጂን ጋር ሲዋሐድ አሞኒያ ይሆናል፤ ከአሞኒያም ዩሪያ ይሠራል። ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጂን ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ በጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት የዩሪያ ፋብሪካ ለማቋቋም በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ተስማምተዋል፤ የመሠረት ድንጋዩም ጋዙ በተመረቀ ጊዜ ተጥሏል።

እንግዲህ የኦጋዴን ጋዝ ደጎሎ የሚደርስ ከሆነ የሚደርሰው በነበልባል ሳይሆን በከረጢት ነው። ገበሬው በአንድ እጁ ፍጉን እያቃጠለ በሌላ እጁ ከጋዝ የተሠራ ናይትሮጂን ይበትናል። ዩሪያው ጢሱ የወሰደውን ናይትሮጂን ሊተካ ይችላል፤ ብስባሹን ግን አይተካም። ብስባሽ በሌለው መሬት ላይ የሚበተን ዩሪያም የዋጋውን ያህል ምርት አይሰጥም። ፋብሪካው እንዳይሠራ አንልም። ምድጃው ካልተለወጠ ግን ፋብሪካው የሚሠራው ለሚያፈስ ጎተራ ነው እንላለን።

፭. መብራቱ ምጣድ ያግላል?

ጋዙ ካልሆነ ኤሌክትሪኩ እንዴት ነው? የኤሌክትሪክ ምጣድ በአዲስ አበባ ከተለመደ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ግን ምጣዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ይህን በቀላል ሒሳብ እንመልከተው።

በአንድ የገጠር ቀበሌ 50 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚችል ትራንስፎርመር ቢተከል፣ 3.5 ኪሎ ዋት የሚስቡ ምጣዶችን በአንድ ጊዜ ከ14 በላይ አይሸከምም። ለአምፑል ከሆነ ግን መቶዎችን ቤቶች ያበራል። ፕሮግራሙ የሚቈጥረው የተገናኘውን ቤት ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ መቶዎቹ ቤቶች ኀይል አግኝተዋል፤ በምድጃው ላይ ግን አሁንም ኩበት ይነዳል። ከዋናው መሥመር ውጭ የሚቀረው 35 ከመቶ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። 50 ዋት የሚሰጥ የፀሐይ ሰሌዳ ለመብራትና ለስልክ መልካም ነው፤ አንድ ምጣድ ለማጋል ግን 70 እንዲህ ያሉ ሰሌዳዎች ያስፈልጉ ነበር።

ዋጋውም ሌላ ነገር ያሳያል። አንዲት እናት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ብትጋግር በወር ወደ 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ትፈጃለች። በኤሌክትሪክ ታሪፉ ለድኻ ታስቦ ዋጋው ዝቅ የተደረገለት የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ ምጣዱ ብቻውን እርከኑን ሊጨርሰው ይቀርባል፤ መብራቱና ሌላው ሁሉ ወደሚቀጥለው ዋጋ ይገፋታል። ታሪፉን ያወጡት ሰዎች ያሰቡት አምፑልና ራዲዮ ያለበትን ቤት እንጂ እንጀራ የሚጋገርበትን ቤት አይመስለንም።

ይህ ሁሉ ኀይል ስላነሰ የመጣ ነው እንዳይባል፣ አገሪቱ ዛሬ ለጂቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ ኤሌክትሪክ መሸጥ ጀምራለች፤ በአገር ውስጥም ዲጂታል ገንዘብ ለሚያመርቱ ኩባንያዎች ሸጣለች። የውጭ ምንዛሪ ማስፈለጉን አንክድም። ነገር ግን ኩበት ሳይነድ ቀርቶ ፍግ ቢሆን የሚቀንሰው የማዳበሪያ ግዢ ራሱ የውጭ ምንዛሪ ነው፤ በመዝገብ ውስጥ ግን በገቢ ተጽፎ አይታይም።

፮. የሌሎች አገሮች ልማድ

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1965 በሰሜን ባሕር ጋዝ ሲያገኙ ጥያቄያቸው እንዴት ይውጣ የሚል ብቻ አልነበረም። ከድንጋይ ከሰል በሚሠራው አሮጌ ጋዝ የተለመዱት ምድጃዎች ለአዲሱ ጋዝ አይስማሙም ነበርና፣ ከ1967 እስከ 1977 በነበሩት ዐሥር ዓመታት ሠራተኞች ከ13 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ደንበኞችን ቤት ለቤት እየዞሩ ምድጃቸውን ለወጡ። ጋዙ ከባሕር ወጣ የተባለው ወጥ ቤት ሲገባ ነው። ዛሬ በዚያው ባሕር ላይ የነፋስ ኀይል ማመንጫዎች ቆመዋል። እኛ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የለንም፤ ነፋሳችን በአሸጎዳ፣ በአዳማና በአይሻ ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ የባሕር ላይ ነፋስ ፖሊሲያቸውን እንዳለ ልንቀዳው አንችልም። ልንቀዳው የሚገባን ያንን ቤት ለቤት የመዞር ልማድ ነው።

ሕንድም እንደ እኛ ኩበት የሚነድባት አገር ናት። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መንግሥቷ ለ80 ሚሊዮን ድኻ ቤቶች የቡታ ጋዝ መሥመር ሰጠ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ሆኖም ብዙዎቹ ሲሊንደሩ ባዶ ሲሆን መልሰው ለመሙላት ዐቅም አጥተው ወደ ዕንጨትና ወደ ኩበት ተመልሰዋል። መስጠት ብቻውን ግብ እንደማይሆን፣ የወር ወጪውም አብሮ መታሰብ እንዳለበት ከዚህ እንረዳለን።

፯. ሊነሣ ስለሚችል ተቃውሞና ስለ ሐሳባችን

አንዳንድ ሰው «ስለ ምድጃ ያልተባለ ነገር የለም፤ ምርጥ ምድጃ ከወጣ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም የገጠር ምድጃን ከአራቱ ቀዳሚ ሥራዎች አንዱ አድርጎታል» ሊለን ይችላል። እውነት ነው። ምርጥ ምድጃ ማገዶን በግማሽ ያህል ሊቀንስ እንደሚችል ይነገርለታል፤ ጢሱንም ይሰበስባል። ግን ስትራቴጂው ምድጃውን የሚቈጥረው ወደ አየር ባልወጣው ካርቦን ነው። ካርቦን ለደጎሎ ገበሬ የሚታይ ነገር አይደለም። የሚታየው ማሳው ነው። ምድጃውን የሚያስተምረው የእርሻ ባለሙያ ቢሆንና የተረፈውን ኩበት ከማሳው ዳር ከምሮ እንዴት ፍግ እንደሚሆን ቢያሳይ፣ ገበሬው ምድጃውን ራሱ ይፈልገዋል ብለን እናምናለን።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። የኢነርጂ ጉዳይ ከማዕድን ሚኒስቴር ወደ ውሃ ሚኒስቴር ተዛውሯል፤ ጋዙ በማዕድን በኩል ቀርቷል፤ ማዳበሪያው የእርሻ ነው፤ ደኑ የሌላ ነው። ኩበቱ ግን የማንም አይደለም። ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ አዲስ መሥሪያ ቤት ይቋቋም የሚል ሳይሆን፣ ያሉት መሥሪያ ቤቶች መለኪያቸውን ይለውጡ የሚል ነው።

ይኸውም በመጀመሪያ፣ የኤሌክትሪክ ፕሮግራሙ ከተገናኙት ቤቶች ቁጥር አጠገብ በኤሌክትሪክ የሚጋገርባቸውን ቤቶች ቁጥር ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በታሪፉ ውስጥ ለምጣድ የሚበቃ ዝቅተኛ እርከን ይታሰብ፤ ትራንስፎርመሩ ሁሉን በአንድ ጊዜ በማይሸከምበት መንደርም፣ ሰው ዕቁብና ደቦ እንደለመደ ሁሉ፣ በቀን ተራ የሚጋገርበት የጋራ መጋገሪያ ቤት ይሞከር። ሦስተኛ፣ ከካሉብ ጋዝ የሚሠራው ዩሪያ ለገበሬው ሲታደል ማገዶ ቈጣቢው ምድጃ አብሮ ይታደል፤ ናይትሮጂኑ ከከረጢቱ ብስባሹም ከበረቱ ወደ ማሳው እንዲገባ።

በደጎሎ ለተጠየቅነው ጥያቄ መልሳችን እንግዲህ ይህ ነው፤ እማማ፣ ይኸኛው ጋዝ ምጣድ አያግልም፤ መብራቱ ሊያግል ይችል ነበር፤ ለዚያ ግን ገና አልታሰበበትም። መልሱ የሚያስደስት አለመሆኑን እናውቃለን። ሒሳባችን ከመጻሕፍትና ከጥቂት ቀን ትዝብት የተገኘ ነውና፣ በአንድ ቤት በዓመት ስንት ኩበት እንደሚነድ፣ ያም ፍግ ቢሆን ምን ያህል ማሳ እንደሚያለማ በሚዛን የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። የእርሻና የምሕንድስና ተማሪዎች በሚመጣው ዕረፍት በየአገራቸው ይህን ለመመዘን ቢተባበሩን፣ መምህራንም ስሕተታችንን ቢያርሙልን፣ ውጤቱን በዚሁ መጽሔት ለማቅረብ ዝግጁ ነን።